የፓሪቲ ጥሰት በጥቂት ኑክሊዮኖች መካከል፦ የትኛውን መንገድ ልምረጥ ለምትሉ

ባለፈው ክረምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ጀበና ቡና የሚፈላበት በረንዳ ላይ ወረቀት ዘርግታ ጠበቀችኝ። ቶሳ ጉም ለብሶ አይታይም። ወረቀቱ ላይ ስድስት ርዕስ ጽፋለች። ሁሉም ስለ ፓሪቲ ጥሰት ነው። «ቲቸር፣ አንዱን ይምረጡልኝ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ እናወዳድር» አልኳት። ከአቦሉ እስከ በረካው አወራን። ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻም ከወልዲያም እየደወሉ ተመሳሳይ ነገር የጠየቁኝ አሉ። ስለዚህ ያን ቀን ያወራነውን አሰፋፍቼ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ምንድን ነው?

እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ አስቡ። እንዝርቱ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። አጠገቡ ግድግዳው ላይ መስታወት አለ እንበል። መስታወቱ ውስጥ ያለው እንዝርትም ቁልቁል ነው የተንጠለጠለው። የሚሽከረከረው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

አሁን እንዝርቱን በኒውትሮን ተኩት። ኒውትሮኑ ሲጠለፍ ጋማ ጨረር ይወጣል። ጨረሩ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ከወጣ፣ እውነተኛውን ዓለም ከመስታወቱ ዓለም መለየት አይቻልም። ወደ ታች ትንሽ ካዘነበለ ግን ነገሩ ይለወጣል። መስታወቱ ውስጥ ሽክርክሪቱ ተገልብጧል፤ ጨረሩ ግን እንደዚያው ወደ ታች ያዘነብላል። እንዲህ ዓይነት ኒውትሮን በተፈጥሮ ውስጥ የለም። የፓሪቲ ጥሰት የምንለው ይኸው ነው።

ጥያቄውን በ1956 ያነሱት ሊ እና ያንግ ናቸው። ቺየን-ሺዩንግ ዉ በኮባልት-60 ሞክራ መልሱን አገኘች። ውጤቱ በ1957 ወጣ። በዚያው ዓመት ሊ እና ያንግ ኖቤል ተሸለሙ። የዉ ስም በሽልማቱ ውስጥ አልነበረም። ይህን ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

መስታወቱን የሚያውከው ደካማው ኃይል ብቻ ነው። የኮባልቱ ሙከራ የቤታ መፍረስ ስለሆነ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ አሉበት። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለት ኑክሊዮኖች፣ ማለትም ፕሮቶኖች ወይም ኒውትሮኖች፣ እርስ በርስ ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው ደካማ ኃይል ምን ይመስላል? እዚህ ኤሌክትሮን የለም። ያሉት ኳርኮች፣ ማለትም ኑክሊዮኖቹ የተሠሩባቸው ቅንጣቶች፣ ብቻ ናቸው።

ችግሩ መጠኑ ነው። ደካማውን ኃይል የሚያመላልሱት ደብልዩ እና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች ከባድ ናቸው። ደብልዩ ከፕሮቶን 85 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ኃይሉ የሚደርሰው ወደ 0.002 ፌምቶሜትር ብቻ ነው (አንድ ፌምቶሜትር የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው)። የኑክሊዮን ስፋት ግን 1 ፌምቶሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ጠንካራው ኃይል ቦታውን ሁሉ ሞልቶታል። ደካማው ከጠንካራው ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ የሁለት ሰዎችን ሹክሹክታ እንደመስማት ነው። ሹክሹክታውን የምንለየው ጠንካራው ኃይል መስታወቱን ስለሚያከብር ነው። ያዘነበለ ነገር ካየን የደካማው ሥራ ነው።

የምንፈልገው አምስት ቁጥር ነው

ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ይህችን ክፍል በደንብ ያዙልኝ። በዝቅተኛ ኢነርጂ ሁለት ኑክሊዮኖች የሚገናኙት በአብዛኛው በኤስ ሞገድ ነው፤ አንዱ በሌላው ዙሪያ ሳይዞር ማለት ነው። ደካማው ኃይል ትንሽ ፒ ሞገድ (አንድ ደረጃ የሚዞረውን) ይቀላቅልበታል። ከኤስ ወደ ፒ የሚወስዱትን መንገዶች ብትቆጥሩ አምስት ይሆናሉ። ዳኒሎቭ ይህን በ1960ዎቹ አሳይቷል። አንዱ ኒውትሮንና ፕሮቶን ስፒናቸው (የእንዝርቱ ዓይነት ሽክርክሪታቸው) ገጥሞ ሲጀምሩና ሳይገጥም ሲጨርሱ ነው። ሌላው ገጥሞ ጀምሮ ገጥሞ ሲጨርስ ነው። ሦስቱ ደግሞ ስፒናቸው ሳይገጥም ከሚጀምር ጥንድ ይመጣሉ፤ አንዱ ለሁለት ፕሮቶን፣ አንዱ ለሁለት ኒውትሮን፣ አንዱ ለድብልቁ።

ስለዚህ መስኩ በሙሉ አምስት ቁጥር ፍለጋ ነው። አንድ ሙከራ የሚሰጠን አንድ ስሌት (ኢኩዌሽን) ነው። አምስት ያልታወቁ ካሉ አምስት የተለያዩ ስሌቶች ያስፈልጋሉ። የምታወዳድሩት ነገር ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ ይቀመጥ። ይህ ሙከራ የትኛውን ቁጥር ይነካል? ውጤቱ ከመጣ በኋላስ ያን ቁጥር አንጥሬ ማውጣት እችላለሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ስለ ትላልቆቹ ኑክሊየሶች (የአቶም እምብርቶች) ስናወራ ትረዱኛላችሁ።

ለማወዳደር እንዲመች ውጤቶቹን በአንድ መስፈሪያ እሰጣችኋለሁ፤ ከመቶ ሚሊዮን ስንት ማለት ነው። «3» ካልኩ ከመቶ ሚሊዮን 3 ነው። ከ± በኋላ ያለው የስህተቱ መጠን ነው።

ፕሮቶን በፕሮቶን

በቁጥር ጎልቶ የተለካው ይህ ነው። ስፒናቸው ወደ ፊት የሆነ ፕሮቶኖች ሃይድሮጅን ላይ ይላካሉ። ከዚያ ስፒናቸው ወደ ኋላ ይገለበጣል። የመበተን ዕድሉ ይለያያል ወይ ተብሎ ይታያል። ጀርመን ቦን በ13.6 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት (የኢነርጂ መለኪያ ነው፤ ሞመንተምና ክብደትም በእሱ ይነገራሉ) የተገኘው −9.3 ± 2.1 ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በ45 የተገኘው −15 ገደማ ሲሆን ስህተቱ 2 ያህል ነው። ካናዳ ውስጥ ትራይምፍ የተባለው ቤተ ሙከራ በ221 ላይ +8.4 ± 3.4 አገኘ።

ሦስት ውጤት ስላለ ሦስት ስሌት ያገኘን ይመስላል። እንዲያ ግን አይደለም። የቦንና የስዊዘርላንዱ ከአንድ ምንጭ ነው የሚመጡት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ መጠኑ ምን ያህል እንደሚያድግ ጠንካራው ኃይል ራሱ ይወስናል፤ የተለኩትም ከዚያ ጋር ይስማማሉ። ስለዚህ ሁለቱ አንዱን ቁጥር ነው ያጸኑልን። የካናዳው ኢነርጂ ሆን ተብሎ የተመረጠው የኤስና ፒ ድርሻው እዚያ ስለሚጠፋ ነው። እዚያ የሚታየው የፒና ዲ (ከፒ ይበልጥ የሚዞረው ሞገድ) ድርሻ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ የእኛን አምስት ቁጥሮች ግን አይነካም።

በተጨማሪ ኢነርጂውን አስተውሉ። በ13.6 የፕሮቶኖቹ አንጻራዊ ሞመንተም ወደ 80 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ነው። በ45 ግን 145 ይደርሳል። የፓዮን፣ ማለትም ኑክሊዮኖች የሚለዋወጡት ቀላል ቅንጣት፣ ክብደት 140 ስለሆነ፣ ፓዮንን የማያካትት ቲዎሪ እዚያ ጫፉ ላይ ነው። ለፕሮቶኖች ከመረጣችሁት የቦንን ውጤት ያዙ። በኤሌክትሪክ የመገፋፋት ኃይላቸውን ማስላትም አለባችሁ። ያ ለጀማሪ አንድ ወር ይበላል።

ኒውትሮን ፕሮቶንን ሲያገኝ፦ የጋማው ማዘንበል

እኔ የምወደው ይህን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትፍረዱብኝ።

ቀዝቃዛ ኒውትሮን ፕሮቶን ያገኛል። ይያያዛሉ፤ ዲውቴሮን ይሆናሉ። ትርፉ 2.2 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት በጋማ ጨረር ይወጣል። ይኸው ነው ሙሉው ነገር። ሁለት አካል፣ አንድ ጨረር። የኒውትሮኖቹን ስፒን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጋማዎቹ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ታያላችሁ።

ይህን የለካው የኤንፒዲጋማ ቡድን ነው። የመጀመሪያው ዙር ሎስ አላሞስ ተሠራ። ዋናው ሥራ የተጠናቀቀው አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ በኦክ ሪጅ ነው። እዚያ የፕሮቶን ጨረር በሰከንድ 60 ጊዜ ሜርኩሪ ይመታል፤ ከዚያ ኒውትሮን ይረጫል። ኒውትሮኖቹ ቀዝቅዘው፣ ስፒናቸው ተስተካክሎ፣ 16 ሊትር ፈሳሽ ሃይድሮጅን ውስጥ ይገባሉ። ሃይድሮጅኑ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪን አልፎ የቀዘቀዘ ነው። ዙሪያውን 48 የሲዚየም አዮዳይድ መቁጠሪያዎች ከበውታል።

ሃይድሮጅኑ «ፓራ» የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። በዚህ ሞለኪውል ውስጥ የሁለቱ ፕሮቶኖች ስፒን ተቃራኒ ነው። በሌላው ዓይነት፣ በ«ኦርቶ»፣ ኒውትሮኑ ሳይያዝ በፊት ስፒኑን ሊገለብጡበት ይችላሉ። ስፒኑ ከጠፋ ደግሞ መረጃው ጠፋ። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የኳርኮችን ሹክሹክታ ለመስማት መጀመሪያ የሃይድሮጅን ኬሚስትሪ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ቁጥሩን አስቡት። የሚፈለገው ጥራት ከመቶ ሚሊዮን አንድ ነው። የቆጠራ ስህተት በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ስለሚቀንስ አሥር ሺህ ትሪሊዮን ጋማ ያስፈልጋል። በሰከንድ አንድ ብትቆጥሩ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ትፈጃላችሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ አልቆጠሩም። የመቁጠሪያውን ምልክት እንደ ኤሌክትሪክ ከረንት አድርገው ነው የለኩት።

መሣሪያው ራሱ ቢያዘነብልስ? መልሱን ገበያችን ያውቀዋል። ሁለት ሰሃን ያለው ሚዛን ትክክል መሆኑን ከተጠራጠራችሁ በርበሬውንና ድንጋዩን ቦታ ታለዋውጣላችሁ። የሁለቱ አማካይ እውነቱን ይነግራችኋል። እነሱም የኒውትሮኑን ስፒን ይገለብጣሉ። ግን ዝም ብለው ላይ-ታች-ላይ-ታች አላሉም። ቅደም ተከተሉ ስምንት ነው፦ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ላይ፣ ታች። ከ0 እስከ 7 ቁጠሩና «ላይ» የወደቀባቸውን ቁጥሮች ደምሩ፤ 14 ይመጣል። «ታች» የወደቀባቸውም 14። ካሬያቸውን ደምሩ፤ ሁለቱም 70 ነው። መሣሪያው በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ቢንሸራተት፣ መስመሩ ቀጥ ያለም ይሁን እንደ ካሬ የሚታጠፍ፣ ድምሩ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ክፍል ውስጥ ሳሳይ ተማሪዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ይደምራሉ። አያምኑም።

በ2018 የወጣው ውጤት −3.0 ± 1.4 ነው፤ የመሣሪያው ስህተት 0.2። ከመነሻው ስህተቱ ሰፊ ነው፤ ከዜሮ ሁለት ስህተት ያህል ነው የራቀው። ይህን መደበቅ አይገባም። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው። ይህ ማዘንበል ከአምስቱ ውስጥ አንዷን ብቻ ነው የሚነካው፤ ስፒናቸው ገጥሞ ጀምረው ገጥሞ የሚጨርሱባትን። ውጤቱን አንብባችሁ ቀጥታ ወደ ቁጥሩ መሄድ ትችላላችሁ። በመሃል ሌላ ግምት አይገባም።

የጋማው ጥምዝምዝ፣ እና በተቃራኒው ዲውቴሮንን መስበር

ተመሳሳይ ግንኙነት ነው። ኒውትሮኖቹ ስፒናቸው ያልተስተካከለ ይሁን። የሚወጣው ጋማ ግን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የተጠማዘዘ መሆኑ ይለካል። የሚነካው ግን ሌላ ቁጥሮችን ነው፤ የጋማው ማዘንበል የማያያቸውን። ለዚህ ነው ሁለቱ የሚደጋገፉት።

የዚህ ታሪክ ማስጠንቀቂያ አለው። በ1972 ሌኒንግራድ የሎባሾቭ ቡድን ከቲዎሪው እጅግ የሚበልጥ ውጤት አወጣ፤ 130 ገደማ። ቲዎሪስቶች ተጨነቁ። በኋላ ሲጣራ ከሪአክተሩ ልብ የሚመጣ ሌላ የተጠማዘዘ ጨረር ተቀላቅሎበት ኖሯል። የፊሽን ውጤቶች በቤታ ሲፈርሱ የሚያወጡት ነው፤ እሱም ራሱ ከደካማው ኃይል የመጣ። ቡድኑ ተመልሶ ሠራው። በ1984 ያወጡት 18 ± 18 ነው። ማለትም ዜሮም ሊሆን ይችላል። ያን ድካም ደግሞ መሸከም ቀላል አይደለም፤ ለሳይንሱ ያላቸውን ታማኝነት ያሳያል።

አሁን ተስፋ የሚጣልበት ተቃራኒው መንገድ ነው። የተጠማዘዘ ጋማ ዲውቴሮን ላይ መላክና ስንቱ እንደሚሰበር ማየት። በዝቅተኛው ኢነርጂ ሁለቱ አንድ መረጃ ነው የሚሰጡት። ጋማው ብዙ መሆን አለበት፤ እስካሁን በሚፈለገው ጥራት ያልተለካውም ለዚያ ነው። ለቲዎሪ ሰው ግን ይህ ጥሩ ዜና ነው። ስሌቱ በወረቀት ይሠራል፤ ውጤቱን የሚጠብቅ ሰውም አለ።

ኒውትሮን በሂሊየም-3

የኤን-ሂሊየም-3 ሙከራም ኦክ ሪጅ ነው የተሠራው። ኒውትሮኑ ሂሊየም-3 ውስጥ ሲገባ ፕሮቶንና ትሪቲየም (ከባድ ሃይድሮጅን) ይወጣሉ፤ በመካከላቸው 764 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ይካፈላሉ። ጋዙ ራሱ ዒላማም መቁጠሪያም ነው። ይህ ብልሃት በጣም ደስ ይለኛል። በ2020 የወጣው ውጤት 1.55 ± 0.97 ነው፤ የመሣሪያው ስህተት 0.24። ከዚህ የጠራ ስህተት በዚህ መስክ አላውቅም።

ለመምረጥ ሲመጣ ግን አራት ኑክሊዮን ነው። አራት አካል ማስላት ትልቅ ኮድ ይጠይቃል። ከውጭ አብሯችሁ የሚሠራ ቡድን ከሌለ አትግቡበት። ውጤቱን እንደ ማነጻጸሪያ ግን ተጠቀሙበት፤ ብዙዎቹን ቁጥሮች አንድ ላይ ይነካል።

ሂሊየም-4

ሁለት መንገድ አለ። በፕሮቶን፣ በ46 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት፣ −33 ± 9 ተገኝቷል። በኒውትሮን ደግሞ ስፒኑ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ይሽከረከራል። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በ2011 የወጣው በሜትር 17 ± 91 ከመቶ ሚሊዮን ራዲያን ነው። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ቁጥሩ ገና ነው። ለስሌት አምስት አካል ስለሆነ ለማስተርስ አልመክረውም።

ትላልቆቹ ኑክሊየሶች

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ ላንታነም-139ን መርጬ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ0.734 ኤሌክትሮንቮልት ላይ ያለው የኒውትሮን ሬዞናንስ (ኒውትሮኑ በቀላሉ የሚያዝበት ኢነርጂ) ስፒኑ ሲገለበጥ 9.5 በመቶ ገደማ ልዩነት ያሳያል። በእኛ መስፈሪያ 9 ሚሊዮን ተኩል ማለት ነው! ፕሮቶን ፕሮቶን 9 ሲሰጥ ይህ 9 ሚሊዮን ይሰጣል። ማን ይተወዋል?

ይህ ሁሉ ጉልበት የሚመጣው ከማጉላት ነው። ትልቅ ኑክሊየስ ውስጥ የኤስና የፒ የኢነርጂ ደረጃዎች እጅግ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ደካማው ኃይል በቀላሉ ያቀላቅላቸዋል። ግን ከ139 ኑክሊዮን ውስጥ የትኛው ከየትኛው ጋር ተንሾካሾከ? አይታወቅም። ገበያ መሃል በድምፅ ማጉያ የተለቀቀ ሹክሹክታ ነው። ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ዓመት ተኩል ሠርቼ ከአምስቱ ቁጥሮች አንዷን እንኳ ማውጣት አልቻልኩም። የሠራሁት ስለ ኑክሊየሱ ቅርጽ ሆኖ ቀረ።

በመካከል ያለ አንድ ነገር አለ፤ ፍሎሪን-18። ሁለት ደረጃዎቹ በ39 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ይለያያሉ። የማጉያውን መጠንም ከኒዮን-18 የቤታ መፍረስ መገመት ይቻላል። ብዙ ቡድኖች ሞክረው ዜሮ የሚመስል አገኙ። ፓዮን የሚሸከመው ድርሻ ከተጠበቀው እንደሚያንስ ቀድሞ ያመለከተው ይህ ነው። ከትላልቆቹ መሃል እሱን አከብረዋለሁ።

ቲዎሪው፦ በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ?

ሙከራ መምረጥ ግማሹ ነው። ስሌቱን የምትሠሩበት ቋንቋም ይመረጣል።

አንደኛው በ1980 ዴስፕላንክ፣ ዶናሂውና ሆልስታይን ያቀረቡት ነው። ኑክሊዮኖች ፓዮን፣ ሮ እና ኦሜጋ የተባሉ ሜሶኖችን (ከኳርክ የተሠሩ ቅንጣቶችን) ይለዋወጣሉ፤ በአንዱ ጫፍ ጠንካራው ኃይል፣ በሌላው ደካማው። የድሮው ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ቋንቋ ስለተጻፈ ማንበብ መቻል ግዴታ ነው። የፓዮኑን መያያዣ፣ ማለትም የደካማውን ግንኙነት ጥንካሬ፣ በእኛ መስፈሪያ 46 ብለው ገመቱ፤ ከ0 እስከ 114 ሊሆን ይችላል አሉ። ከኤንፒዲጋማ የተገኘው 26 ± 12 ነው። ክፍተቱ ስህተቱን መገመት ላይ ነው። ጠንካራውን ኃይል በምትመርጡት ሞዴል መልሱ ይለያያል፤ በስንት እንደሚለያይም ሞዴሉ አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ፓዮን አልባው ኢፌክቲቭ ፊልድ ቲዎሪ ነው። ኢነርጂው ዝቅተኛ ስለሆነ ፓዮኑን እንኳ ለይተን አናየውም። ሁሉም ነገር በነጥብ ላይ ግንኙነት ይሆናል። አምስቱ ቁጥሮች ራሳቸው የቲዎሪው ቁጥሮች ናቸው። የማስፋፊያው መለኪያ፣ ማለትም እያንዳንዱ እርማት ከፊተኛው የሚያንስበት መጠን፣ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ የዲውቴሮን ሞመንተም 45 ገደማ ሲሆን የፓዮኑ ክብደት 140 ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሌት ላይ ሠላሳ በመቶ ያህል ስህተት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ወደ አሥር ይወርዳል። ስህተቱን የሚነግር ቲዎሪ እወዳለሁ።

ሦስተኛው ካይራል ነው፤ ፓዮኑን ያስገባል። ኢነርጂው ከፍ ሲል ወይም አካሉ ሲበዛ ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ግን ከባድ ነው። አራተኛው ላቲስ ነው። ቦታና ጊዜን እንደ ፍርግርግ ከፋፍሎ ኳርኮቹን ራሳቸውን ኮምፒውተር ላይ ያሰላል። በ2012 ዋሰም የፓዮኑን መያያዣ በእኛ መስፈሪያ 11 ± 5 ገደማ አወጣ፤ ፓዮኑ ከእውነተኛው የከበደ ሆኖ፣ 389 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት። ሱፐር ኮምፒውተር ስለሚፈልግ እዚህ ሆኖ የሚጀመር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የኳርኮችን «ቀለም» (ጠንካራው ኃይል የሚይዛቸው በእሱ ነው፤ በእውነቱ ሦስት ነው) ብዛት ትልቅ አድርገን ስናስብ ከአምስቱ ጥምረቶች ሁለቱ ይጎላሉ፤ የፓዮኑ ዝቅ ይላል። ይህ ከፍሎሪን-18ም ከኤንፒዲጋማም ጋር ይሄዳል። ከሁለቱ ጎላ ካሉት አንዷን በደንብ የሚነካው ደግሞ የጋማው ጥምዝምዝና ዲውቴሮንን መስበር ነው። ስለዚህ ማንም ያልያዘው መረጃ እዚያ ነው ያለው።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ?

ለማስተርስ፣ ላፕቶፕና ወረቀት ላለው፦ ኒውትሮንና ፕሮቶን በፓዮን አልባው ቲዎሪ። በጋማው ማዘንበል ጀምሩ፤ ዲውቴሮንን በመስበር ጨርሱ። መብራት ቢጠፋም ስሌቱ አይቆምም። ኮምቦልቻ ያሉ ልጆች ኢንተርኔት ሲጠፋ ይጨነቃሉ፤ ለዚህ ርዕስ ጽሑፎቹን አንድ ጊዜ ከአርካይቭ (የፊዚክስ ጽሑፎች ድረ ገጽ) በነፃ አውርዳችሁ ካስቀመጣችሁ ለወራት ይበቃል።

ለዶክትሬት፦ ሦስተኛውን ኑክሊዮን ጨምሩ። ኒውትሮን በዲውቴሮን ላይ። ስሌቱ ኢንቴግራል ኢኩዌሽን ይሆናል፤ በፓይተን በተራ ላፕቶፕ ይፈታል። እዚህ ላይ ብዙ ያልተሠራ ነገር አለ።

ለሙከራ ልብ ያላችሁ፣ ውጭ ቦታ ካገኛችሁ፦ የኒውትሮን ሙከራ የሚሠራ ቡድን ፈልጉ። ስታመለክቱ ስለ ፓራ ሃይድሮጅኑና ስለ ስምንቱ ቅደም ተከተል ጻፉ። ነገሩን እንደምታውቁት ይገባቸዋል።

ለዲግሪ ፕሮጀክት፦ ሲሙሌሽን። ትንሽ ማዘንበል ያለው የውሸት ቆጠራ ሥሩ፤ ቀስ የሚል መንሸራተት ጨምሩበት፤ መጀመሪያ ተራ ላይ-ታች፣ ከዚያ ስምንቱን ሞክሩ። ልዩነቱን በግራፍ አሳዩ። አንድ ሳምንት ይበቃል።

ትልቅ ኑክሊየስ የምትመርጡት የኑክሊየሱ ቅርጽ ራሱ የሚስባችሁ ከሆነ ብቻ ነው። ያም ጥሩ መስክ ነው። ግን ለአምስቱ ቁጥሮች ብላችሁ አትሂዱበት።

ተማሪዋ ኒውትሮንና ፕሮቶንን መረጠች። ደካማውን ኃይል ከማስገባቷ በፊት አንድ ፈተና ሰጠኋት። ተራውን መያያዝ፣ ፓሪቲ ሳይጣስ፣ አስሊና አምጪ አልኳት። የተለካው በክፍል ሙቀት ላለ ኒውትሮን 334 ሚሊባርን (የመያያዝ ዕድል መለኪያ) ነው። ይህን ማግኘት ያልቻለ ሰው ቀጣዩን ቢያሰላም አይታመንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሐይቅ ተመልሳ ደብተሯን አሳየችኝ። 300 ገደማ አግኝታለች። ደንግጣለች። የጎደለው አሥር በመቶ ያህል በመጀመሪያው ደረጃ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ቀጣዩ ደረጃ ላይ እንደሚሞላ ነገርኳት። ደብተሩን ገልብጣ በባዶው ገጽ አናት ላይ የመጀመሪያዋን የፒ ሞገድ ጻፈች።